ቁስቋም፤ ዓባይን የተሻገረው ቤት

በታኅሣሥ 1763 ዓ.ም. ጎንደር በአንድ ወሬ ተጨንቃ ነበር፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ እየተመለሱ ነው። እሳቸው ከወራት በፊት ወደ ትግራይ ሲያፈገፍጉ ሌላ ንጉሥ ያነገሡባቸው ሰዎች አሁን መግቢያ ጠፍቷቸዋል። ከእነዚህ ዋነኛዋ የዐፄ በካፋ ባለቤት የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ባላቸውን፣ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ቀብረዋል፤ የልጅ ልጃቸውን ያስገደሉት ደግሞ እኒሁ የሚመጡት ራስ ናቸው። ስለዚህ ራሳቸው ያሠሩትን፣ ሠላሳ ዓመት ግድም የኖሩበትን የቁስቋምን ቤት ትተው ተነሡ። ያን ጊዜ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ የሸሹት ወደ ጎጃም ነበር።

ለምን ጎጃም? እቴጌይቱ የቋራ ሰው ናቸው፤ ዘመዶቻቸውም በዚያው በምዕራቡ ወገን ነበሩ። ቤተ መንግሥታቸውን ጥለው ዓባይን ማዶ ያሻገራቸው ምን ቢተማመኑ ነው? መልሱ ልጃቸው ናቸው። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ጎጃም ገብተው ነበር፤ በባላቸው በደጃዝማች ዮሴዴቅ በኩልም የአገሩ ሰው ወገናቸው ሆኗል።

ዛሬ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጎንደርን የሌላ አገር ታሪክ አድርጎ ሊያየው ይችላል። የቁስቋም ቤት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ከጎንደር በላይ ባለው ኮረብታ የቆመው ፍርስራሽ የታሪኩ እኩሌታ ነው፤ የቀረው እኩሌታ ሞጣ ላይ፣ ቀራንዮ ላይ፣ በብራና ላይና በሰው የዘር ቆጠራ ውስጥ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያዩ ቤቱን አየሁ ማለት አይቻልም።

ኮረብታው ላይ

ቁስቋም ከጎንደር መሐል ከተማ ወጣ ብሎ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ደብረ ፀሐይ በሚባለው ተራራ ወገብ ላይ ነው። ስሙን ያገኘው እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት፣ ግብፅ ካለው የቁስቋም ተራራ ነው። በዓሉ ኅዳር 6 ነው። ያን ዕለት ሽቅብ የሚወጣው ሕዝብ ነጭ ለብሶ ዳገቱን ይሞላዋል፤ በሌላው ቀን ግን ፍርስራሹ የጸጥታና የሣር ነው።

ወደ ግቢው ሲገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ረጅሙ ሕንፃ ነው። ጣሪያ የለውም፤ ከላይ ሰማይ ነው። ግድግዳው ከጠቆረ የአገር ድንጋይ በኖራ የተገነባ ሲሆን፣ ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ባዶ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የጠርብ ጫፍ ያረፈባቸው ናቸው። ወለሉ ከእንጨት ስለነበር ተቃጥሎና በስብሶ አልቋል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ፎቁ የት ጋ እንደነበር እስካሁን ይመሰክራሉ። የቀዳዳዎቹን መስመር በዓይን የተከተለ ሰው ክፍሎቹን መልሶ መሥራት ይችላል፤ ይህ ምድር ቤት ነበር፣ ይህ እልፍኝ ነበር፣ ከዚህ መስኮት ቆሞ ጎንደርን ቁልቁል ማየት ይቻል ነበር።

በውጭ በኩል ደግሞ ጌጡ አለ። የመስኮትና የበሩ ቅስት፣ በፎቅና በፎቅ መካከል የሚያልፈው መቀነትም በቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ጠቢባኑም ተጠቅመውበታል። ከመስኮቶቹ በላይ ልዩ ልዩ መስቀሎች ተቀርጸዋል። ከመስቀሎቹ ጋር የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳቸው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ዝናብ የመታው ፊት ቢፋቅም የአንበሳው ጀርባና የጻድቁ አቀማመጥ ገና ይለያል። ከዚያ በፊት የተሠሩት የጎንደር ግንቦች በግዝፈታቸውና በክብ ማማዎቻቸው የሚናገሩ ናቸው። በምንትዋብ ዘመን ግን ድንጋዩ ራሱ ሥዕል መሸከም ጀመረ። በጎንደር የሕንፃ ጥበብ ውስጥ ጌጥ የበዛበት ዘመን የእሳቸው ዘመን ነው።

ከፍርስራሹ አጠገብ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የዛሬው ከጥፋት በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። በዚያው ቅጥር ውስጥ መስተዋት ባለው ሣጥን የሦስት ሰዎች አጽም ይታያል፤ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። አገር ያስተዳደሩ ሦስት ትውልዶች አንድ ሣጥን በቅቷቸዋል። ጎብኚው ብዙ ጊዜ አጽሙን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይወርዳል። ቤቱ እንዴት ይኖርበት እንደነበር የሚያስረዳው ግን ሌላ ምንጭ ነው።

ሦስቱ ቅጥሮች

ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው። ቁስቋምን እንደ እንግዳ አይቶ አላለፈም፤ ግቢው ውስጥ ቤት ተሰጥቶት ኖሮበታል። ትቶልን የሄደው መግለጫ የአንድ ትልቅ የኢትዮጵያ ቤት አቀማመጥ ከታየባቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው።

እንደ ብሩስ አገላለጽ ቤቱ ሦስት ቅጥር ነበረው። የውጭው ቅጥር ከፍ ያለ ግንብ ሲሆን ዙሪያው ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ ውስጥ ወታደሩ፣ የቀን ሠራተኛውና የውጭ አሽከሩ ይኖራል። ሁለተኛው ቅጥር ባለ አንድ ደርብ ቤቶች የተሰለፉበት ነው፤ ሹማምንቱ፣ ካህናቱና የቅርብ አገልጋዮቹ የሚያድሩት እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም በዚሁ ውስጥ ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው የእቴጌይቱ ነው። ያላገቡ የመኳንንት ሴቶች ልጆች አብረዋቸው ይኖሩበታል። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ፣ ወደ ተራራው ከፍ ብሎ፣ የእቴጌይቱ ዘመዶች ቤት ተደርድሯል።

ዋናው ግንብ ባለ ሦስት ደርብ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋና ዙሪያው ጥርስ ያለው አራት ማዕዘን ማማ ነበር። የጎንደር ጠባቂ ጦር ዋና ሰፈር እዚሁ ግንብ ውስጥ እንደነበር ብሩስ ይናገራል። ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር በነገሡ ገና በሁለተኛው ዓመት፣ በ1725 ዓ.ም.፣ ዐመፀኞች ጎንደርን ይዘው ሌላ ንጉሥ አንግሠው የፋሲልን ግቢ ከበው ነበር። እናትና ልጅ በገዛ ግቢያቸው ውስጥ እስረኛ ሆነው ሰነበቱ። ያን ከበባ ያዩ ሴት፣ ከከተማው ወጣ ብለው፣ ጀርባቸውን ለተራራ ሰጥተው፣ ጦሩን በራቸው ላይ አድርገው ቤት ቢያሠሩ የሚገርም አይደለም። ከቁስቋም በምዕራብ በኩል የሚሄደው መንገድ ደግሞ ወደ አገራቸው ወደ ቋራ የሚወስድ ነው። ቤቱ ለጸሎት፣ ለግብርና ለምሽግ ሦስቱንም እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነበር።

ይህ አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የጎጃም ባላባት ግቢም በመጠን ቢያንስ በአሳብ ያው ነበር። በውጭው አጥር አሽከርና ከብት፣ ቀጥሎ አዳራሽ፣ ከውስጥ እልፍኝ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ደብር። እንግዳ በማዕረጉ ልክ እስከ አንዱ በር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አይዘልቅም። ቁስቋም ይህን የታወቀ ሥርዓት በድንጋይና በኖራ አጸናው።

ኖራ

የጎንደር ግንቦች ምሥጢር ኖራ ነው። ድንጋይ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ ደረቅ ካብና በጭቃ የሚያያዝ ግንብም ጥንትም ነበር። ሦስት ደርብ የሚያቆምና ቅስት የሚያስይዝ ግን ኖራ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1610ዎቹ ዓመታት፣ ከህንድ በመጡ ጠቢባን አማካይነት ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አገር ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ድንጋዩ በእቶን ይቃጠላል፣ በውኃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ይቦካል። ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላም ትንሽ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ያስወጣል። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ዋና ከተማ ያደረጉት ዐፄ ፋሲል የተጠቀሙት ይህንኑ እውቀት ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር ሲያስወጡ ጥበቡን ግን አላስወጡትም።

ምሥራቅ ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር ቆሞ አያይም። ከግንደወይን ብዙ በማይርቀው መርጡለ ማርያም በሱስንዮስ ዘመን በኖራ የተሠራው ሕንፃ ግድግዳ ዛሬም ይታያል። ቅርጻ ቅርጹ የአበባ፣ የመላእክትና የሐረግ ነው። ከዚያ በፊት በዚያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት ሌላ እቴጌ ነበሩ፤ የሐዲያው ገዥ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት፣ ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል አገር የጠበቁት እቴጌ እሌኒ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጎጃም የእቴጌ እሌኒ አገር እንደነበር ጽፏል። የእሳቸው ደብር በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ፤ በሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሹ አጠገብ አዲሱ ተነሣ። እንግዲህ እቴጌ ምንትዋብ በ1763 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ሲሸሹ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም በፊት ሌላ ንግሥት ቤትና ደብር ወዳቆመችበት ምድር መሄዳቸው ነበር።

የጎንደርና የጎጃም መሻገሪያም በኖራ የተሠራ ነው። ከሞጣ በታች ዓባይን የሚሻገረው፣ ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ የሚለው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። መሐሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ዘመናት አለፉ። በ1994 ዓ.ም. ተጠግኖ ብዙ ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራለት። ጎንደርን ያቆመው ኖራ ሞጣንም ከጎንደር ጋር አያይዞ ነበር።

የቤቱ ሰዎች

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ቋራ ነው። አባታቸው ደጃዝማች መንበር፣ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ዐፄ በካፋን አገቡ፤ ዐፄ በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ምንትዋብ ዘውድ ጫኑ። የንጉሥ እናት ሆኖ ከበስተ ጀርባ መምከር የነበረ ነው፤ ዘውድ ጭኖ ከልጅ ጋር እኩል መንገሥ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድማቸው ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል እስኪሞቱ ድረስ ቀኝ እጃቸው ነበሩ።

የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በ1732 ዓ.ም. አካባቢ ተፈጽሞ ተባረከ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በጎንደር ባለጠጋ ከሚባሉት ደብሮች ግንባር ቀደሟ ሆነች። ብሩስ ለዑደት የሚወጡ የወርቅ መስቀሎችን፣ የብር ነጋሪቶችንና በወርቅ የተለበጠ መንበርን ጠቅሷል። በጣና ደሴት ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴም የእቴጌይቱ ሥራ ነው፤ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩት ራሳቸው ምንትዋብ ናቸው።

ዳግማዊ ኢያሱም ቤት መሥራት ይወዱ ነበር። በከተማው ቤተ መንግሥት ያሠሩትን አዳራሽ ከሰምርኔስ ሸሽተው የመጡ ግሪኮች እንዳስጌጡት ብሩስ ይተርካል። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ሰው ወገብ ድረስ በዝሆን ጥርስ ተለብጦ፣ ከዚያ በላይ የቬኒስ መስተዋት በሦስት ረድፍ ተደርድሮበት ነበር። ከዚህ ሁሉ ዛሬ አንዲት ስንጥር አልቀረችም።

ከበካፋ ሞት በኋላ ምንትዋብ ኢያሱ ከሚባል ሌላ ሰው፣ ከዐፄ በካፋ ዘመድ፣ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። የቁስቋም ሦስተኛው ቅጥር የእነዚህ ልጆች ቤት ነበር። ፖለቲካውም በእነሱ በኩል ያልፋል። ወይዘሮ አስቴር የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያን አገቡ፤ እሳቸው ተገድለው በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። አልጣሽ ለራስ ሚካኤል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት ተዳሩ። ወለተ እስራኤል ጎጃም ገቡ። አንዲት እናት በሦስት ልጆቿ የአገሩን ሦስት ኃይሎች ልትይዝ ሞከረች ማለት ነው። የእናትየው ዕቅድ ግን ሁሉንም አላዳነም። ዳግማዊ ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሡ በእናታቸው በኩል ያሉት የወሎ ዘመዶቻቸው ከእቴጌይቱ ወገን ከቋሮቹ ጋር ተጋጩ። ለማስታረቅ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል በግንቦት 1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። የዘመነ መሳፍንት መግቢያ ይኸው ነው። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ በቁስቋም ተወስነው ተቀመጡ።

ብሩስ ያገኛቸው በዚህ ሐዘን ውስጥ ነው። በገባበት ወቅት ፈንጣጣ በግቢው ተነሥቶ የእቴጌይቱ የልጅ ልጆች ታመው ነበር። ያን ጊዜ የበሽተኛ ክፍል በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ጨለማና ሙቀት ሆኖ ይጠበቅ ነበር። ብሩስ አሽከሮቹን አሰልፎ በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ አቶ ኮንፉ ዳነ። እንግዳው የቤቱ ባለሟል የሆነውም በዚህ ነው። የዛሬ ጎብኚ በፍርስራሹ መስኮት ሲያይ የሚነፍሰውን ንፋስ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው ሕፃናትን ለማዳን ሆን ብሎ እንዳስገባው ቢያስብ፣ ግድግዳው ሰው ሰው ይሸተዋል።

እቴጌይቱ ከብሩስ ጋር ብዙ ተጫውተዋል። የዓባይን ምንጭ ለማየት ሲል ከሩቅ አገር መምጣቱን ሲሰሙ፣ ኢየሩሳሌምን ያየ ሰው በረግረግ ውስጥ ላለ ምንጭ ይህን ያህል መልፋቱ ይደንቃቸው ነበር። ብሩስ ግሽ ዓባይን አይቶ በኅዳር 1763 ዓ.ም. ተመለሰ። በተከታዩ ወር ነው ራስ ሚካኤል የተመለሱትና እቴጌይቱ ወደ ጎጃም የሸሹት። በግንቦት 1763 ዓ.ም. ሚካኤል ሰርባኩሳ ላይ ተሸንፈው ሲማረኩ ምንትዋብ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ወደ ስናር ሲነሣ የተሰናበታቸው እዚያው ቁስቋም ላይ ነው። እቴጌይቱ በሰኔ 1765 ዓ.ም. አረፉ።

ሞጣ ላይ የቀጠለው

የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ቤት በድንጋይ ግንብ አይታወቅም። የሚታወቀው በደብርና በመሬት ነው። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሉት እሳቸው ናቸው። እናታቸው ቁስቋም ላይ ያደረጉትን እሳቸው ሞጣ ላይ አደረጉት፤ ታቦት አስገቡ፣ ካህናት ሰበሰቡ፣ ለካህናቱ መሬት አካፈሉ፣ ክፍፍሉን በብራና አስጻፉ። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጎጃምን የገዙ ትልቅ ሰው ሆኑ፤ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን የተከሉትም እሳቸው ናቸው።

በእነዚህ ደብሮች የተጻፉት የመሬት መዛግብት ለታሪክ ሰው ከግንብ የማይተናነሱ ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ሀብታሙ መንግሥቴ ተገኘ የምሥራቅ ጎጃምን የርስትና የጉልት ሥርዓት የመረመረው በሞጣና በአካባቢዋ ደብሮች ሰነዶች ነው። ካናዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዶናልድ ክረሚም በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የሽያጭና የስጦታ ውሎች እያነበበ፣ በዚያ ዘመን ሴቶች መሬትና ቤት ይገዙ፣ ይሸጡ፣ ያወርሱ እንደነበር አሳይቷል። ከእነዚህ መዛግብት አንዱን ከፍቶ ያየ ሰው የመኳንንቱን ስም ብቻ አያገኝም። ምስክር ሆነው የተጠሩ ካህናት፣ ዋጋው፣ የመሬቱ ወሰንና መሬቱን የሚያርሱት ሰዎችም አሉ። በምሥራቅ ጎጃም ሰነዶች «ዜጋ» የሚባሉት አራሾች መሬቱ የእነሱ አልነበረም፤ ከጌታ ወደ ጌታ የሚተላለፈው መሬት የእነሱንም ዕጣ ይዞ ይሄድ ነበር። የቁስቋም የወርቅ መስቀልና የሞጣ ጊዮርጊስ ክብር በእነዚህ ሰዎች ጉልበት የቆመ ነው። ቤቱን ስናከብር እነሱንም መቁጠር አለብን።

የጎጃም መሳፍንት ከራስ ኃይሉ ትውልድ ይቆጥራሉ። በ1845 ዓ.ም. ጉራምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው የወደቁት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከዚህ ሐረግ ናቸው። የጎሹ ልጅ ደጃዝማች ተሰማ፣ የተሰማ ልጅ አዳል ተሰማ ነው። አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ተባሉ። ደብረ ማርቆስ መናገሻቸው ሆነች።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለቱ የታሪኩ ጫፎች በእሳት ተገናኙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማ ላይ የሱዳን ድርቡሾችን አሸንፈው ከተማዋን አቃጥለው ነበር። ድርቡሾችም በአቡ አንጃ መሪነት ብዙ ጦር ይዘው በጥር 1880 ዓ.ም. ደንቢያ ገቡ። ንጉሡ ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ ቤተሰባቸው ተማረከ። ከዚያ ወዲያ ጎንደርን የሚጠብቃት አልነበረም። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ቁስቋምም ተቃጠለች። ጎንደርን ለመከላከል ቆመው የተሸነፉት ንጉሥ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ ልጅ ዘር ነበሩ። ቤቱን በጎጃም ያስቀጠለው ትውልድ ነው ቁስቋምን ከእሳት ለማዳን ሞክሮ ያልቻለው።

ምን ይደረግ

በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፋሲል ግቢንና በዙሪያው ያሉትን ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁስቋምም ከመዝገቡ ገብታለች። እድሳት ሲታሰብ ግን ዓይኑም ገንዘቡም መጀመሪያ የሚያርፈው በከተማው መሐል ባለው ግቢ ነው። ይህ ሊገባን የሚችል ነው፤ ጎብኚውም የሚያየው እሱን ነው። ሆኖም ቁስቋም የምትሰጠን እውቀት ሌላው አይሰጠንም። አንድ ትልቅ ቤት ከነወታደሩ፣ ከነካህኑ፣ ከነሴቶቹና ከነዘመዶቹ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳየው እዚህ ነው።

ስለዚህ ጥበቃው ማማውን ከመደገፍ ያለፈ መሆን ይገባዋል። የውጭው ቅጥር ግንብ ተለክቶ፣ ካርታ ላይ ወጥቶ፣ ወሰኑ ሊታወቅ ይገባል። ቅጥሩ ከጠፋ ሦስቱ ግቢዎች ይጠፋሉ፤ ማማው ለብቻው ቢቀር ቤት አይሆንም። በግድግዳው ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ መነቀል አለበት፤ ሥሩ ኖራውን ሰንጥቆ ይገባልና። ጥገናው በኖራ እንጂ በሲሚንቶ መሆን የለበትም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶ ውኃ አፍኖ ድንጋዩን ሲጎዳ ታይቷል፤ በኋላ በመጡ አዳሾች ተነሥቶ ኖራ ተተክቷል። ይህን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ማሠልጠን ደግሞ ለጎንደር ብቻ አይጠቅምም። የመርጡለ ማርያም ግድግዳም፣ ከሰባራ ድልድይ የቀረው ክፍልም የሚፈልጉት ይኸንኑ ሰው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብራናው ነው። የቁስቋምና የሞጣ፣ የቀራንዮና የመርጡለ ማርያም መዛግብት በካህናቱ እጅ እንዳሉ፣ ከየደብሩ ሳይወጡ በፎቶ ተቀድተው አንድ ላይ ሊነበቡ ይገባል። አንዲት እናት በጎንደር፣ ልጇ በጎጃም በአንድ ሥርዓት መሬት ሲያድሉ የሚታየው ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ዛሬ ተመራማሪው አንዱን ለማየት አንድ አገር፣ ሌላውን ለማየት ሌላ አገር ይሄዳል።

ሦስተኛው የትምህርት ነው። በሞጣ፣ በግንደወይንና በቢቸና ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የጎንደርን ግንብ በመጽሐፍ ያያል፤ ከዚያ ግንብ የወጣች ሴት የእሱን አገር ደብር እንደተከለች ግን ማወቅ አለበት። በቁስቋም የሚያስጎበኝ ወጣትም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሦስት አጽም ሲያሳይ፣ አራተኛዋ የቤቱ ሰው ዓባይን ተሻግራ ቤቱን እንዳስቀጠለች ሊናገር ይገባል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለቱ አገሮች ታሪካቸውን አንድ ላይ እንዲጽፉ ብቻ ይጠይቃል።

ቁስቋም የጎንደር ብቻ አይደለችም። እቴጌ ምንትዋብ የመከራ ቀን ሲመጣ ጎጃምን የገዛ ቤታቸው አድርገው ሄደዋል፤ ጎጃምም ተቀብሏቸዋል። ዛሬ ቤታቸው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ሆኖ ሲቆም፣ እንዳይፈርስ የመሟገት ግዴታው የጎንደር ሰው የሆነውን ያህል የሞጣና የግንደወይን ሰውም ነው።